መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ የሚያስታውሰውና የሚረሳው

የቆቦ አርሶ አደር ወደ 8028 ደውሎ ስለ ማሽላ ወይም ስለ ጤፍ አመራረት ምክር ሲሰማ፣ የከተማው ነዋሪ ደግሞ በቴሌብር ገንዘብ ሲልክ፣ ከስልኩ ማዶ ያለውን ሥራ የሚሠሩት ሰርቨር የሚባሉ ኮምፒውተሮች ናቸው። 8028 በ2006 ዓ.ም፣ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የገጠሩ ኑሮ ከእነዚህ ማሽኖች ጋር ያለው ቁርኝት እየጠበቀ መጥቷል። ሰርቨሮች እንዴት እንደሚዋቀሩ ግን እምብዛም አይነገርም። ከአወቃቀራቸው አንዷ ትንሽ ክፍል ብትሳሳት ውጤቱ እስከ ማሳ ድረስ ይዘልቃልና ማወቁ አይከፋም።

አንድ ዓይነት የጤፍ ዘር በቆቦ ሜዳም በወይናደጋውም ሊዘራ ይችላል። ዘሩ አንድ ነው፤ የሚዘራበት ቀንና የማዳበሪያው መጠን ግን እንደ ቦታው ይለያያል። የኮምፒውተር ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። አንድ ፕሮግራም በብዙ ሰርቨሮች ላይ ሲጫን ሰዓቱን በየትኛው አገር አቆጣጠር እንደሚቆጥር፣ መረጃውን የት እንደሚያስቀምጥ፣ በየትኛው የይለፍ ቃል እንደሚገባ የሚነገረው ከውጭ ነው። እነዚህን ከውጭ የሚሰጡ እሴቶች ባለሙያዎች ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይሏቸዋል፤ በአማርኛ «የአካባቢ ተለዋዋጭ» ብንላቸው ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ ዕትም ጀምሮ በሥራ ላይ ያሉ ናቸው።

ሰዓትን ብቻ እንውሰድ። ብዙ ሰርቨሮች ሲገዙም ሆነ ሲከራዩ የተቃኙት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። «ቲ ዜድ» የተባለው ተለዋዋጭ አዲስ አበባን እንዲያመለክት ካልተደረገ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተፈጸመ ክፍያ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እንደተፈጸመ ሆኖ ይመዘገባል። በኮምፒውተር አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በመሆኑ ቀኑም የትናንት ይሆናል፤ ደረሰኝና መዝገብ አይስማሙም። ከዚህ የከፋም አለ። በክረምት ዝናቡ በምዕራቡ ተራራ ጥሎ ጎሊናና ሆርማት ሲሞሉ፣ ለቆላው ነዋሪ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንዲደርስ የታሰበ የጎርፍ መልእክት ከረፋዱ 3 ሰዓት ይደርሳል እንበል። ጎርፍ ሰው እስኪዘጋጅ አይጠብቅም።

ሰርቨሮች ሲበዙ እያንዳንዱን በእጅ ማዋቀር አድካሚ ስለሆነ አንሲብል፣ ፓፔትና ሼፍን የመሳሰሉ የማዋቀሪያ መሣሪያዎች ተፈጥረዋል። ባለሙያው የሚፈልገውን በአንድ ፋይል ይጽፋል፤ መሣሪያው በሁሉም ላይ ይፈጽማል። ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በሊኑክስ ሥርዓት አንድ ፕሮግራም ተለዋዋጮቹን የሚቀበለው ሲነሣ፣ ካስነሣው ፕሮግራም ነው። ልጅ ከወላጁ እንደሚወርስ ማለት ነው፤ ወላጁ በኋላ የሚያገኘው ግን ለተወለደው ልጅ አይደርሰውም። አንሲብልን የመሰለ መሣሪያ ወደ ሰርቨሩ ገብቶ አንዱን ተግባር ይፈጽማል፣ ይወጣል። በዚያች አጭር ቆይታ ውስጥ የተሰጠው እሴት ከቆይታዋ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ ቀጣዩ ተግባር እንኳ አያገኘውም። ባለሙያው ራሱ ገብቶ ሲፈትሽ የሚያየውም የራሱን የመግቢያ ፋይል እንጂ አገልግሎቱ የያዘውን ላይሆን ይችላል። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው የተለመደ መልስ ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ሰውየው አልዋሸም፣ የተመለከተው ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ እሴቱ መጻፍ ያለበት አገልግሎቱን የሚያስነሣው ክፍል በሚያነበው ፋይል ውስጥ ነው። በአብዛኞቹ የዛሬ ሊኑክሶች ይህን ሥራ የሚሠራው ሲስተምዲ ነው። ሆኖም ፋይሉን መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ አገልግሎቱ እንደገና እስኪነሣ ድረስ የሚሠራው በአሮጌው እሴት ነው። ለእኛ አካባቢ ዋናው አደጋ ይህ ይመስለኛል። በትልልቅ ማዕከላት ጄኔሬተር አለ፤ በአንድ ጽሕፈት ቤት ወይም ዩኒየን ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰርቨር ግን መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። በጥር ተሳስቶ የተጻፈ እሴት ማንም ሳያየው ተኝቶ ይቆይና በሰኔ፣ ግብዓት በሚከፋፈልበት ሳምንት፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ይነቃል። ያን ጊዜ ሁሉም መብራቱን ይከስሳል።

የማዋቀር ለውጥ ያለ ጥንቃቄ ሲደረግ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አገሪቱ አይታለች። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣት ችለው፣ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቶ ነበር። ባንኩ ችግሩ ከሥርዓት ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጿል። ያ የተለዋዋጭ ስህተት ነበር ለማለት አይደለም፤ ከውስጥ የተደረገ ለውጥም ከውጭ ጠላት ያላነሰ እንደሚያስደነግጥ ለማስታወስ ነው።

የይለፍ ቃልም ሌላ ጉዳይ ነው። በተለዋዋጭ የተሰጠ የይለፍ ቃል ፕሮግራሙ ወደሚያስነሣቸው ልጆች ሁሉ ይወርዳል፤ ስህተት ሲፈጠር በሚጻፈው መዝገብ ላይም ሊታይ ይችላል። በመሆኑም በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ በምስጢር ጽሑፍ መቀመጥ አለበት፤ አንሲብል ለዚህ የራሱ ካዝና አለው። በሰርቨሩ ላይ ያለውንም ፋይል ከሚመለከታቸው በቀር ማንም እንዳያነበው ፈቃዱ መገደብ ይኖርበታል።

በየዩኒየኑና በየጽሕፈት ቤቱ ይህን ሥራ የሚሠሩ ወጣት ባለሙያዎች ከሁሉ አስቀድሞ ሊለምዱት የሚገባው ነገር ቀላል ነው፤ እሴቱን ከለወጡ በኋላ ተጠቃሚ በማይበዛበት ሰዓት፣ መብራት ሳይጠፋ፣ አገልግሎቱን በራሳቸው እጅ አጥፍተው ማስነሣት። ከዚያም ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ሩጫ ላይ ላለ ፕሮግራም ከሚይዘው ዝርዝር ውስጥ፣ ሲነሣ የተቀበለው እሴት የትኛው እንደሆነ በዓይን ማንበብ።