ስለ ጎታች መኪና አደጋና ስለ ተጎጂው ካሣ

የተበላሸ መኪና በጣርማ በር ዳገት ወይም በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ በቆመ ጊዜ፥ ጎታች መኪና መጥቶ በሰንሰለት አስሮ ይወስደዋል። ሥራው እጅግ ጠቃሚ ነው፤ አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ሞተሩ የጠፋ መኪና ፍሬኑ እንደ ወትሮው አይታዘዝም፤ ሰንሰለቱም በቁልቁለት ቢበጠስ በመንገድ ዳር የሚሄደውን ሰው ያገኘዋል።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አባት በዚህ ዓይነት ቢጎዳ ካሣውን ማን ይክፈል? ሾፌሩ በሰንሰለቱ ያመካኛል፤ የጎታቹ ባለቤት በሾፌሩ፤ የተጎታቹ ባለቤት ደግሞ፥ «እኔ መኪናዬን ለሌላ ሰው አስረክቤ ነበር» ይላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ተጎጂውን በዚህ ክርክር መካከል አይጥለውም። በ2081ኛው አንቀጽ የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፥ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፥ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የሚድነውም መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ሲያስረዳ ነው። ለገዛ ጥቅሙ በእጁ የያዘውም ሰው ይጠየቃል። «ጥፋት የለብኝም» ማለት አያድንም፤ ተጎጂው ራሱ ማጥፋቱ ከተረጋገጠ ግን ካሣው ይቀነሳል ወይም ይቀራል። ጎታቹን በዋጋ የጠራው ሰው የገዛ መኪናው ቢሰበርበት ነገሩ ሌላ ነው፤ እርሱ የሚከራከረው በውሉ ነው።

ተጎጂው ቢሞት ሚስት ወይም ባል፥ ወላጆችና ልጆች ስለ ቀረባቸው መተዳደሪያ ካሣ ሊጠይቁ ይችላሉ። እኛን የሚያሳስበን እዚህ ላይ ነው። በኀዘኑ ሳምንት ሽማግሌ ይላካል፤ ለተዝካር የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ይሰጣል፤ ሚስቲቱም ያላነበበችውን ወረቀት በአውራ ጣቷ ታትማለች። ዕርቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን በወረቀቱ ላይ «ከእንግዲህ ወዲህ ክስ የለኝም» የሚል ቃል ካለበት፥ የልጆቹ ቀለብ በዚያው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ አስቀድሞ ለሕግ ዐዋቂ ይነበብ።

የሁለቱም መኪናዎች የታርጋ ቁጥር፥ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የሐኪም ማስረጃ ሳይውል ሳያድር ይያዝ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ባለመኪናን ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ስለሚያስገድድ፥ መድን ሰጪው ማን እንደ ሆነ ይጠየቅ። ክሱ በ2143ኛው አንቀጽ መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕግ የረዘመ ጊዜ ቢሰጠው በዚያው ይቆጠራል። ዕርቁ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲገፋ ዓመቱ ያልፋልና፥ ሽማግሌዎቹ ገና ሲቀመጡ አደጋው የደረሰበትን ቀን ጽፈው ይያዙ።