«ቨርናል» ጸደይ ነውን?

የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የሚያነብ ተማሪ አንድ ቀን «ቨርናል» ከሚለው ቅጽል ጋራ መገናኘቱ አይቀርም። ፍቹን ቢጠይቅ «የጸደይ» ይሉታል። ይህን በደብተሩ ጽፎ ቢያልፍ ግን ነገሩ ገና አላለቀለትም።

ቃሉ የተወለደው በላቲን ነው። ሮማውያን ብርዱ አልፎ ምድር የምትለመልምበትን ወቅት «ቬር» ይሉት ነበር። ከዚሁ «ቨርኑስ»፣ ቀጥሎም «ቨርናሊስ» የሚሉ ቅጽሎች ወጡ፤ እንግሊዞችም በ16ኛው መቶ ዓመት ጫፉን ቈርጠው ወሰዱት። ዘመዶቹ ብዙዎች ናቸው። ጣሊያኖች ወቅቱን «ፕሪማቬራ» ሲሉት ይኸው «ቬር» በውስጡ አለ። እስፓኞች ደግሞ ከዚሁ ሥር የመጣውን «ቬራኖ» ለሞቃቱ ወቅት ሰጥተውታል። የሩሲያው «ቬስና» እና የሳንስክሪቱ «ቫሳንታ» እንኳ የዚሁ የጥንት ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። «ቨርናኩላር» ግን በድምፅ ቢመስለውም ዝምድና የለውም፤ እርሱ የመጣው በጌታው ቤት የተወለደ ባሪያ ይጠራበት ከነበረው «ቨርና» ከሚል ሌላ ቃል ነው።

እንግሊዞች ራሳቸው በጥንት ዘመን ወቅቱን «ሌንክተን» ይሉት ነበር፤ ይኸውም ቀኑ የሚረዝምበት ማለት ነው። ይህ ቃል አጥሮ «ሌንት» ሆነና የዐቢይ ጾም ስም ሆኖ ቀረ። ለወቅቱም የቡቃያውን ብቅ ማለት የሚያመለክተው «ስፕሪንግ» ተተካ። ጾሙ ስሙን ወርሶ ባለቤቱን ከቤት አስወጣው ማለት ነው! እንዲህ ሆኖ ስሙ የገበሬ፣ ቅጽሉ የሊቅ ሆነ። ፀሐይን «ሰን» ብለው ቅጽሉን «ሶላር»፣ ጨረቃን «ሙን» ብለው ቅጽሉን «ሉናር» እንደሚሉት ነው። ስለዚህ «ቨርናል» በግጥምና በሳይንስ መጽሐፍ እንጂ በመንገድ አይሰማም። አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ለአለቃው በሚጽፈው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ «ቨርናል» ዕረፍት ቢጠይቅ፣ ካባ ለብሶ ጉልት እንደ ወጣ ሰው መሆኑ ነው።

በሳይንስ በኩል ቃሉ ሥራ አልፈታም። በአውሮፓ ከብርዱ ወራት በፊት የሚዘራ፣ ብርዱን ካላገኘ ግን በጊዜው የማያሸት የስንዴ ዐይነት አለ። ጀርመናዊው ጉስታቭ ጋስነር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1918 ይህን መርምሮ ጻፈ። የሶቪየቱ ትሮፊም ሊሴንኮ ደግሞ በ1920ዎቹ መጨረሻ ዘሩን አርሶ በማቀዝቀዝ ለሚደረገው ዘዴ የሩሲያኛ ስም አወጣለት፤ ስሙ ሲተረጐም «ቨርናላይዜሽን» ሆነ። የሊሴንኮ የዘር ውርስ ትምህርት ሐሰት ሆኖ ተገኘ፣ የአገሩንም ሳይንስ ለብዙ ዓመታት ጐዳ፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ በእርሻ ትምህርት ይሠራበታል።

ዋናው ችግር ወደ አማርኛ ስንመልሰው ነው። በእኛ አቈጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፤ መስከረም 26 የሚገባው መጸው ነው። ሕዝቡ ግን አደይ አበባ ሲፈነዳ «ጸደይ መጣ» ይላል። እንግዲህ የጂኦግራፊ ተርጓሚ ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበትን «ቨርናል ኢኲኖክስ» የተባለውን ዕለት «የጸደይ» ብሎ ቢያልፍ፣ ተማሪው ወዴት ይሄዳል? ዐሳቡ ወደ መስከረም ይሮጣል። በመስከረምም፣ በ12 ወይም በ13 ገደማ፣ ቀንና ሌሊት ይተካከላሉና ስሕተቱን የሚነግረው የለም። መጽሐፉ የሚለው ግን መጋቢት 11 አካባቢ ያለውን ነው፤ ያውም ጸደያችን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው!

ነገሩ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ይገለበጣል። የአውስትራልያ ሰው አበባውን የሚያየው በመስከረም ስለ ሆነ፣ ለእርሱ «ቨርናል» የሚባለው የመስከረሙ ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጸሐፊዎች በእንግሊዝኛም ቢሆን ወሩን መጥራት መርጠዋል። እኔም ለትምህርት መጽሐፍ «የመጋቢት እኩሌታ» ቢባል እወዳለሁ። ለግጥም ግን «የአበባ ወራት» ማለት ይበቃል፤ የእንግሊዙ ባለቅኔ የሚያየው አበባ አደይ ባይሆንም።