ከመጋረጃው ጀርባ የቀረው መህር



የምርመራ ልቦለድ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ሼርሎክ ሆልምስን ነው። ዛሬ የምናወጋው ግን ስለ ሴት መርማሪ ነው፤ ያውም ታሪኳ ከመቶ ዓመት በፊት ስለተቀመጠ መርማሪ።

ታሪካዊ የምርመራ ልቦለድ ወንጀሉን ወዳለፈ ዘመን ወስዶ የዚያን ዘመን ሕግና ልማድ የእንቆቅልሹ አካል ያደርጋል። መርማሪዋ ሴት ስትሆን ችግሩ ይጨምራል፤ ፖሊሱም ዳኛውም ወንድ በሆነበት ጊዜ ማን ይሰማታል? በዚህ ዘርፍ ከታወቁት አንዷ የኤልዛቤት ፒተርስ አሚሊያ ፒቦዲ ናት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በግብፅ የቁፋሮ ቦታዎች ወንጀል ትከታተላለች።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን የሱጃታ ማሴይ «የማላባር ሂል መበለቶች» ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሲሆን ታሪኩ የሚፈጸመው በ1921 በቦምቤይ፣ በዛሬዋ ሙምባይ ነው። ፐርቪን ሚስትሪ የፓርሲ እምነት ተከታይ ናት። በኦክስፎርድ ሕግ ተምራ በአባቷ የጥብቅና ቢሮ ትሠራለች፤ ፍርድ ቤት ቆማ መከራከር ግን አትችልም።

ኦማር ፋሪድ የተባለ ሙስሊም ባለፋብሪካ ሞቶ ሦስት ሚስቶች ትቷል። የቤተሰቡ ወኪል ሴቶቹ መህራቸውን ለወቅፍ ለመስጠት እንደወሰኑ ለቢሮው ይጽፋል። ፐርቪን ፊርማዎቹን ስታይ ሁለቱ ይመሳሰሉባታል፤ ሦስተኛዋ ደግሞ በምልክት ብቻ ነው የፈረመችው። ማንበብ የማትችል ሴት ምን እንደፈረመች በምን አወቀች?

ሴቶቹ ከባዕድ ወንድ ተለይተው የሚኖሩ ስለሆኑ ወንድ ጠበቃ ገብቶ ሊጠይቃቸው አይችልም። ስለ እነሱ የሚናገረው ወኪሉ ነው። ፐርቪን ግን ትገባለች፤ ስለ መብታቸውም ራሳቸውን ታነጋግራለች። ከዚያ በቤቱ ውስጥ ሰው ይገደላል። ገዳዩን አንነግራችሁም፤ አንብቡት።

ደራሲዋ ፐርቪንን ስትፈጥር መነሻ ከሆኗት ሴቶች አንዷ ኮርኔሊያ ሶራብጂ ናት። ሶራብጂ በኦክስፎርድ የሕግ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1892 ብትወስድም ዲግሪዋን የተቀበለችው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ከ1904 ጀምሮ በቤንጋል በመንግሥት ተቀጥራ ከመጋረጃ ጀርባ ለሚኖሩ ባለንብረት ሴቶች የሕግ አማካሪ ሆናለች።

ነገሩ ሩቅ አገር ቢመስልም ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ገጠር ብዙ አይርቅም። በአገራችን ድሮ ወንጀለኛው ሲሰወር አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአካባቢው አባወራ ተሰብስቦ የሚያውቀውን በመሐላ ይናገራል፤ የቀረም ይቀጣል። ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ያየች፣ በጓዳ ሆና የሰማች ሴትስ ቃሏን ማን ይቀበላት ነበር? ከመካከላችን ደራሲ ቢወጣ፣ የጎጃሟ ፐርቪን ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ዛሬም አላለቀም። በመድረሳ የተማርነው ግልጽ ነው፤ በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 4 መሠረት መህር የሚስት ሐቅ ነው። በገዛ ፈቃዷ ካልተወችው ባልም፣ አባትም፣ ወንድምም ሊወስደው አይገባም። በአንዳንድ ሠርጎቻችን ግን መህሩ በችኮላ ይጠራና ወዲያው ምግብ ይቀርባል። መጠኑን ከሌላ ሰው አፍ የምትሰማ ሙሽራ አለች፤ «ትታዋለች» የተባለላትም አለች። መተዋን ከራሷ የሰማ ማን ነው?

የአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ቢሆኑ የኒካሕ፣ የውርስና የወቅፍ ጉዳይ የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲቀርቡ ነው። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 188/1992 የሚለው ይህንኑ ነው። የሴቷ «እሺ» ትልቅ ክብደት አለው፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ሊናገርላት አይገባም።

የፐርቪን ድፍረት እዚህ ላይ ነው፤ ወረቀቱን ይዛ ወደ ባለመብቶቹ ሄደች፣ ጠየቀችም። እኛም ለእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ይህን ማድረግ እንችላለን። እህቶች፣ የኒካሕ ወረቀታችሁን ቅጂ ያዙ፤ መህሩ በግልጽ መጻፉንም አረጋግጡ። ወንድሞች፣ ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችንና እህቶቻችን ከመፈረማቸው በፊት ቃል በቃል አንብቡላቸው።

አላህ ሐቅን ለባለሐቁ ከሚያደርሱት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።