ከ30 ዓመት በኋላም በግቢ የሚጠገነው ላንድክሩዘር፦ ከማሳመር በፊት የሚቀድመው ሥራ

በባሕረ ሰላጤው አገራት አዳዲስ ትላልቅ መኪኖች በየዓመቱ ወደ ጎዳናው ቢገቡም፣ በ1990ዎቹ የተመረተው የቶዮታ ላንድክሩዘር 80 ከገበያው አልወጣም። በሻርጃ የኢንዱስትሪ ቀጠና የአሮጌ መለዋወጫ ሱቆች ይፈለጋል፣ በበረሃ ዳር መንደሮችም ከየቤቱ ግቢ ቆሞ ይታያል። ከባለቤቶቹ መካከልም በሹፌርነት፣ በመካኒክነት ወይም በንግድ ሥራ ተሰማርተው ለዓመታት በአካባቢው የኖሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። አዲሱን ሞዴል ለመግዛት አቅሙ ያልደረሰ ወይም አሮጌውን በጥንካሬው የመረጠ ሰው፣ ተሽከርካሪውን በእጁ መንከባከብ ከቻለ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለው ይችላል። ጥያቄው ገንዘቡንና ጊዜውን ከየት መጀመር አለበት የሚለው ነው።

የላንድክሩዘር ታሪክ እስከ 1951 ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስሙን ያገኘው ደግሞ በ1954 ነው። 80 የሚባለው ትውልድ በ1989 ጥቅምት በቶኪዮ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ቀርቦ በተከታዩ ዓመት ለሽያጭ በቃ። ከቀደመው 60 የሚለየው በዋናነት ባሌስትራውን ትቶ በአራቱም ጎማዎች ላይ በጥቅል ሞላ በመቆሙ ነው። ከእርሱ በኋላ በ1998 የመጣው 100 ደግሞ በአብዛኞቹ ዓይነቶቹ ወጥ የሆነውን የፊት አክስል ተወ። ስለዚህ 80 የሞላን ምቾትና የወጥ አክስልን ጥንካሬ በአንድ ላይ የያዘ መካከለኛ ሆኖ ቀረ። ኤሌክትሮኒክሱም ከዛሬዎቹ መኪኖች ጋር ሲነጻጸር ጥቂት በመሆኑ፣ አብዛኛው ሥራ በእጅ መሣሪያ የሚሠራ ነው። በቤት ለመጠገን የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙዎች መኪናውን እንደገዙ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ትልልቅ ጎማዎች፣ ወደ ጣሪያ ላይ መብራትና ወደ ብረት ፓራውልት ነው። ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ነው። በዚህ አካባቢ የአሮጌ ሞተር ትልቁ ጠላት ሙቀት ሲሆን፣ የበጋው ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍባቸው ሳምንታት ደካማ የማቀዝቀዣ ሥርዓት የያዘ መኪና በአንድ ከሰዓት በኋላ ሞተሩን ሊያጣ ይችላል። በተለይ 4.5 ሊትር የሆነው ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ከመጠን በላይ ሲሞቅ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ በኩል፣ በስድስተኛው ሲሊንደር አጠገብ ነው። ያን ጊዜ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ጠዋት ሲነሣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ከጭስ ማውጫውም ነጭ ጭስ ይታያል።

ለዚህ ችግር ሰበብ ከሚሆኑት አንዷ ከአንድ ስንዝር የማትረዝም የጎማ ቱቦ ናት። ከሞተሩ ጀርባ፣ ከአየር ማስገቢያው ሥር ተደብቃ ወደ ማሞቂያው ውሃ የምታስተላልፈው ይህች ቱቦ ኮፈኑን ከፍቶ ለሚመለከት ሰው አትታይም። ለመቀየር እጅ በጠባብ ቦታ ገብቶ በዳበሳ መሥራትን ስለሚጠይቅ፣ ብዙ ጋራዦች ሌሎቹን ቱቦዎች ቀይረው እርሷን ይተዋታል። ሃያና ሠላሳ ዓመት የቆየ ጎማ ግን አንድ ቀን በረጅም መንገድ ላይ መፈንዳቱ አይቀርም። ሞተሩ ውሃውን ሁሉ የሚያፈሰው ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያም ሙሉ በሙሉ የሚታመን አይደለም። ፋብሪካው መርፌዋን የሠራት በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሃል ላይ ጸንታ እንድትቆም ነው። አሽከርካሪው «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ሲያስብ ሙቀቱ እየጨመረ ሊሆን ይችላል፤ መርፌዋ ከመሃል ስትነሣ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ጀምሯል። ልምድ ያላቸው ባለቤቶች ከማናቸውም ጌጥ አስቀድመው ቁጥር የሚያሳይ ተጨማሪ መለኪያ የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ከዚያ በመቀጠል ራዲያተሩ ይታጠባል፤ ውስጡ በዝገት ከተደፈነም ይቀየራል። ቴርሞስታቱ፣ የራዲያተሩ ክዳንና ከማራገቢያው ጀርባ ያለው ባለ ሲሊኮን ክላች አብረው ይፈተሻሉ። ክዳኑ ርካሽ ስለሆነ ይናቃል፤ ነገር ግን ግፊት መያዝ ካቃተው ውሃው ያለ ጊዜው ይፈላል። የሚጨመረውም የቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር የተቀላቀለ የተጣራ ውሃ መሆን ይገባዋል።

የናፍጣ ሞተር ያለው ባለቤት ጭንቀቱ ሌላ ነው። 4.2 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር በጥንካሬው የተመሰገነ ቢሆንም፣ የቤንዚኑ በሰንሰለት የሚሠራውን የቫልቭ ማስተካከያ እርሱ የሚሠራው በቺንጋ ነው። ይህ ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር በዳሽቦርዱ ላይ የራሱ ማስጠንቀቂያ መብራት አለው። ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ የተመለሰ መኪና በዚህ ገበያ ብርቅ ስላልሆነ፣ የመብራቱን ዝምታ ማመን አያዋጣም። ታሪኩ በጽሑፍ ያልተመዘገበ ቺንጋ ጊዜው እንዳለፈ ተቆጥሮ መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ቫልቮችና ፒስተኖች ይጋጫሉና።

ቀጥሎ የሚመጣው የፊት አክስል ነው። የዚህን መኪና ባሕርይ ለሚያውቅ ሰው ከጎማው ጀርባ ባለው ክብ ብረት ላይ የሚታየው ቅባት ብዙ ይናገራል። በዚህ ክብ ብረት ውስጥ የፊት ጎማውን የሚያዞረው መጋጠሚያ በግራሶ ተሞልቶ ይኖራል። በውስጥ በኩል ያለው የዘይት መከላከያ ጎማ ሲያረጅ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ግራሶው ይገባና ሁለቱ ተቀላቅለው እንደ ቀጭን ሾርባ ይሆናሉ። ይህ ድብልቅ መጋጠሚያውን በሚገባ አይቀባም፤ መኪናው መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፎ ሲዞር «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ መጋጠሚያው መበላት ጀምሯል ማለት ነው።

ሥራው ቆሻሻ እንጂ ረቂቅ አይደለም። ሁለት ቅዳሜና እሁድ፣ ሙሉ የመከላከያ ጎማዎችና ጓርኒሲዮኖች ስብስብ፣ ሞሊብደነም ያለበት ግራሶ፣ ብዙ ጨርቅ እንዲሁም የማዕከሉን ትልቅ ዳዶ የሚፈታ 54 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይጠይቃል። ጀማሪዎችን የሚያስቸግሩት በቡሎኖቹ ላይ የተሰኩት ትንንሽ ሾጣጣ ቀለበቶች ናቸው። ቡሎኑ ከተፈታም በኋላ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ በነሐስ ዘንግ መታ መታ ሲደረጉ ግን ብቅ ይላሉ። በብረት መዶሻ በቀጥታ የሚመታ ሰው የቡሎኑን ጥርስ ያበላሻል። አክስሉ ከተከፈተ ኩሽኔታዎቹንም አብሮ መቀየር ብልህነት ነው፤ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሪው የሚንቀጠቀጥባቸው ባለቤቶች ብዙ ጊዜ መፍትሔውን የሚያገኙት እዚህ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ነገር ከቴክኒኩ ይቀድማል። ላንድክሩዘሩ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። አራቱም ጎማዎች ዘወትር ኃይል የሚቀበሉ በመሆናቸውና መካከለኛው ዲፈረንሻል ካልተቆለፈ በቀር ልቅ በመሆኑ፣ አንዱ ጎማ በክሪክ ሲነሣ ማርሹን «ፒ» ላይ ማድረግ ብቻውን መኪናውን አይዘውም። በሌሎች መኪኖች የለመደ ሰው ይህን አያስተውልም። የእጅ ፍሬኑ መሳብ፣ መካከለኛው ዲፈረንሻል መቆለፍ፣ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች በሁለቱም በኩል መታገድ አለባቸው። ክብደቱ የሚያርፈው በክሪኩ ላይ ሳይሆን በጠንካራ መሬት ላይ በቆመ የብረት ድጋፍ ላይ ነው፤ አሸዋና የላላ ጡብ ድጋፍ አይሆኑም። ጊዜውም ይመረጣል። በኤምሬቶች ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ድረስ በቀትር ሰዓት ከቤት ውጭ ሥራ ማሠራት በሕግ የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። በግቢው የሚሠራ ሰውም ከሱብሂ ሶላት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ቢጠቀም ለጤናው ይበጃል።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ማሻሻያ ይታሰባል። በአካባቢው በጣም የተለመደው ሞላዎችንና አሞርዛተሮችን ቀይሮ መኪናውን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። በአሸዋና በድንጋይ ላይ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የሚያስከትለው ለውጥ ግን ሻጮች ከሚናገሩት ይበዛል። አካሉ ከፍ ሲል የፊት አክስሉ ዘንበል ብሎ የመሪው ማዕዘን ስለሚለወጥ መኪናው በጎዳና ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል። ይህ በልዩ ቦኮላ ይስተካከላል። የፍሬን ቱቦዎች ርዝመትም መታየት አለበት።

ከሁሉ የሚረሳው የኋላ ፍሬን ነው። በብዙዎቹ መኪኖች ላይ የኋላው አካል ከአክስሉ ያለውን ርቀት እየለካ የፍሬኑን ኃይል የሚመጥን ቫልቭ አለ። መኪናው ሲጫን ዝቅ ይላል፤ ቫልቩም ለኋላ ጎማዎች ብዙ ኃይል ይሰጣል። ባዶ ሲሆን ከፍ ይላል፤ ኃይሉ ይቀነሳል። እንግዲህ በአዲስ ሞላ ከፍ የተደረገን መኪና ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ እንደሆነ ይቆጥረዋል። ቤተሰብና ሻንጣ ጭኖ በፍጥነት የሚጓዝ ሰው የኋላ ፍሬኑ እንደደከመ የሚያውቀው በጭንቅ ሰዓት ነው። የማስተካከያው ሥራ የቫልቩን ዘንግ መያዣ አዛምዶ ከመመለስ አይበልጥም፤ ሆኖም ሞላ ቀያሪው ስለዚህ ነገር ካልጠየቀ በቀር ማንም አይነግረውም።

ጎማም ስሌት አለው። 275/70 የነበረውን በ285/75 የሚቀይር ሰው የጎማውን ዲያሜትር ከ791 ወደ 834 ሚሊ ሜትር ያህል ያሳድጋል። በዚህም የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው በእውነቱ ወደ 105 እየሄደ ነው፤ የራዳር ካሜራ የሚያየው ደግሞ እውነተኛውን ነው። ከመጠኑ ይበልጥ ግን ዕድሜው ያሳስባል። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት አራት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀሪዎቹ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ 2319 ቢል በ2019 ዓ.ም 23ኛ ሳምንት የተመረተ ነው። በኤምሬቶች ከተመረተ 5 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ያልተበላ ቢሆን እንኳ ለአገልግሎት አይፈቀድም። በበረሃ ለመንዳት ወደ 15 ፒኤስአይ የተነፈሰ ጎማም ወደ አስፋልት ከመመለሱ በፊት መሞላት አለበት፤ በለሰለሰ ጎማ በፍጥነት መሄድ ጎኑን አሙቆ ያፈነዳዋል።

ሕጉም በቸልታ የሚታይ አይደለም። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ሞተርን ወይም ሻሲን ያለ ፈቃድ መለወጥ 1,000 ድርሃም፣ 12 ጥቁር ነጥብና መኪናው ለ30 ቀን መታገድን ያስከትላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይቀድማል።

ወጪውን የሚያሰላ ኢትዮጵያዊ አንድ ተጨማሪ ነገር ከሒሳቡ ማውጣት ይኖርበታል። ቀድሞ አንዳንዶች ላንድክሩዘሩን ለጥቂት ዓመታት ተጠቅመውበት ኋላ ወደ አገር ቤት ለመላክ ያስቡ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በዚያ ተስፋ ላይ ተመሥርቶ ገንዘብ ማፍሰስ አደገኛ ነው። መኪናው ዋጋውን የሚመልሰው እዚሁ ባለበት በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ቤንዚኑ ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 ሊትር በላይ ይጠጣልና፣ በየቀኑ ወደ ሥራ ለመመላለስ የሚፈልገው ሰው በአነስተኛ መኪና ቢጠቀም ያዋጣዋል።

የላንድክሩዘሩ እውነተኛ ጥቅም የሚታየው ረጅም መንገድ ሲመጣ ነው። ከዱባይ ተነሥቶ በአል ጉወይፋት ድንበር፣ በሪያድና በጣኢፍ አድርጎ ለዑምራ ወደ መካ የሚጓዝ ቤተሰብ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ይጠብቀዋል፤ ከድንበሩ ባሻገር ለረጅም ሰዓት ከአሸዋ በቀር ምንም የማይታይበት መንገድም ያልፋል። ልጆችና አረጋውያን የያዘ መኪና በዚያ ስፍራ በቀትር ቢቆም ነገሩ ከመዘግየት ያልፋል። ስለዚህ አክስሉን ወይም ማቀዝቀዣውን የከፈተ ሰው ከጉዞው በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት በከተማ ይነዳዋል፤ ጉድለት ካለ በቤቱ አቅራቢያ ይገለጥ ዘንድ። ለመንገዱም የመለዋወጫ ቱቦ፣ ቺንጋ፣ የቱቦ ማሰሪያ፣ 10 ሊትር ያህል ውሃ ለራዲያተሩና ከዚያ የሚበልጥ ለሰዎቹ ይጫናል። ከተነሡ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ በመጀመሪያው ማደያ ቆመው የአራቱንም ጎማዎች ማዕከል በእጅ ጀርባ መዳሰስ ይገባል። ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ካለ ኩሽኔታው ከመጠን በላይ ጠብቋል፤ ፍሬኑም ሳይለቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የ54 ሚሊ ሜትሩ ቁልፍ ከሻንጣዎቹ ሥር ሳይሆን በቀላሉ በሚደረስበት ቦታ መቀመጥ ያለበትም ለዚህ ነው።