የእንጨት ሥራ ቤት ብናኝ መሳቢያ፦ አየር በቧንቧ ውስጥ የሚሄድበት ሁኔታ

የንብ ቀፎና የእርሻ መሣሪያ እጀታ በሚሠሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘንድ መሳቢያው እየጮኸ ብናኙ ከመጋዙ ሥር አልነሳ ሲል በመጀመሪያ የሚታሰበው ትልቅ ሞተር መግዛት ነው። እኛ ግን የማኅበሩ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ቧንቧው ይመርመር እንላለን።

ኩራዝ በአንድ ክንድ ርቀት እፍ ቢሉት ይጠፋል፤ ከዚያው ርቀት አየር በአፍ ቢስቡ ግን ነበልባሉ ንቅንቅ አይልም። የሚነፋ አየር ወደ አንድ አቅጣጫ ተወርውሮ ይሄዳል፤ የሚሳብ አየር ግን ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ ይገባል። በዚህም ምክንያት ከቧንቧው አፍ የቧንቧውን ስፋት ያህል ብቻ ሲራቅ የአየሩ ፍጥነት ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ የቧንቧውን አፍ ብናኙ ወደሚፈልቅበት ማስጠጋትና ዙሪያውን በቆርቆሮ መከለል ከሁሉ ይቀድማል።

ሰጋቱራ በቧንቧ ውስጥ ሳይዘቅጥ እንዲጓዝ አየሩ በሴኮንድ 20 ሜትር ያህል መፍጠን ይኖርበታል። ለዚህም ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቧንቧ በሴኮንድ 0.35 ሜትር ኩብ፥ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነው ደግሞ 0.16 ሜትር ኩብ አየር ይፈልጋል። ቧንቧው ያለ ልክ ከሰፋ አየሩ ይዘገይና ሰጋቱራው ይተኛል። ያለ ልክ ከጠበበም ችግር ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን በሰበቃ የሚባክነው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናልና። ውስጡ የተሸበሸበ የላስቲክ ቱቦና በድንገት የሚታጠፍ ክርን ብክነቱን ያባብሳሉ። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ማሽኖች ካሉ የማይሠራው ማሽን አፍ ይዘጋ።

ሞተሩ ቀለል ብሎት ሲዞር ደህና ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በዚህ ዓይነቱ መሳቢያ ቧንቧው ወይም ከረጢቱ ሲደፈን የሚገፋው አየር ስለሚያንስ የሞተሩ ሸክም ይቀንሳል። ፑሊ ቀይሮ መሳቢያውን በአንድ አሥረኛ ማፍጠን ደግሞ የሞተሩን ሸክም በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል፤ ሞተሩ ይህን ካልቻለ ይቃጠላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር በሚሆን ደጋ አየሩ በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፥ ለባሕር ጠለል በወጣው የፋብሪካ ሠንጠረዥ ላይ የተጻፈው ግፊት በዚያው ልክ ተቀንሶ ይታሰብ።

የልማት ሠራተኛው ቧንቧው መሳቡን ቀጭን ክር ከአፉ አጠገብ በማንጠልጠል ይፈትን። በጭስ መፈተን ይቻል ነበር፤ ሆኖም በሰጋቱራ መካከል እሳት መያዝ አይገባም።

ተራ ጆንያ ሻካራውን ሰጋቱራ እንጂ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። ወደ ሳንባ ዘልቆ የሚገባው ደግሞ ደቃቁ ነው። የእንጨት ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1995 እ.ኤ.አ. መድቦታል። ስለዚህ ጥሩ ማጣሪያ እስኪገኝ ድረስ የመሳቢያው መውጫ ከቤቱ ውጭ፥ ሰው ከማይቀመጥበት ወገን ይደረግ፤ የወጣውን አየር የሚተካ ንጹሕ አየር የሚገባበት መስኮትም ክፍት ይሁን።