ተጨማሪ መረጃ፦ ነፋስ የሚያዘው ሄልሜት

በ2003 እ.ኤ.አ. ካዛኪስታናዊው ብስክሌተኛ አንድሬ ኪቪሌቭ በፓሪስ–ኒስ ውድድር ወድቆ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ፣ ለፕሮፌሽናል ተወዳዳሪዎች ሄልሜት ግዴታ ሆነ። ደንቡ ግን መጀመሪያ ላይ በመጨረሻው ረጅም ዳገት ማውለቅን ይፈቅድ ነበር። ጭንቅላት የሚግለው እዚያ ነዋ!

ዳገት ላይ ጋላቢው ስለሚያዘግም በሄልሜቱ ቀዳዳዎች የሚገባው ነፋስ ይደክማል። ጉዳዩ የዳይናሚክ ግፊት ነው፦ የሚንቀሳቀስ አየር ፊት ለፊት ባገኘው አካል ላይ የሚፈጥረው ተጨማሪ ግፊት። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 18 ኪ.ሜ. 15 ፓስካል ገደማ፣ በ36 ኪ.ሜ. 60 ገደማ።

ይኸው ግፊት የሄልሜቱን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ራሱ ሊቆጣጠር ይችላል። ቀዳዳው ላይ በሞላ የተያዘ ክዳን ይገጠማል፤ ጋላቢው ሲያዘግም ሞላው ክዳኑን ከፍቶ ይይዛል፣ ሲፈጥን ነፋሱ ገፍቶ ያጠበዋል። ባትሪ አያሻውም።

እናንተም ክዳኑን ከካርቶንና ከላስቲክ ሠርታችሁ በቬንቲሌተር ፊት ሞክሩት፤ በስንተኛው ፍጥነት መዘጋት ይጀምራል?