ስለ ባሌስትራና ስለ ጎማ ልክ፦ ለወልቂጤና ለቡታጅራ መንገድ

በዘመነ ክረምት፣ ይልቁንም ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ፣ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ዙሪያ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ ለመግባት የሚያስብ ባለመኪና አስቀድሞ የሚመረምረው የሞተሩን ጉልበት ሳይሆን የመኪናው ሆድ ከምድር የሚርቅበትን ልክና የጎማውን ጥርስ ነው፤ አራቱም ጎማዎች ኃይል እያገኙ የሚዞሩለት መኪና እንኳ ቢሆን፣ ሆዱ በሁለቱ የጎማ ቦዮች መካከል በቆመው የጭቃ ጉብታ ላይ አንድ ጊዜ ከተቀመጠ፣ ያለው ኃይል ሁሉ ጭቃ ከመበተን በቀር የሚፈይደው ነገር የለምና። የጉራጌ ተወላጅም ከያለበት ተነሥቶ ለመስቀል ወደ አገሩ የሚገባው መሬቱ ገና ሳይጠነክር በመሆኑ፣ ፒክአፕ መኪናን በባሌስትራና በሞላ ከፍ ማድረግና ትልልቅ ጎማ ማልበስ በዚህ አገር ለጌጥ ብቻ የሚደረግ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሥራው ልክና ሥርዓት ያለው ስለሆነ፣ ልኩን ሳያውቁ የገቡበት ሰዎች ገንዘባቸውን ከማጥፋታቸውም በላይ ደኅና የነበረውን መኪና ለአደጋ የቀረበ ያደርጉታል።

ሁለቱ ከተሞች የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው፤ ለመኪና ግን የሚለያዩት በአስተዳደር ሳይሆን በአፈርና በቁልቁለት ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 158 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ከእርሷ አልፎ የሚሄደው መንገድ 1,100 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ ግቤ በረሃ ይወርዳል፤ በዙሪያዋ የሚገኘውም ጥቁር ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚሰብር፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ የሚለጠፍ አፈር ነው። ቡታጅራ በአንጻሩ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ የተመሠረተች ናት፤ አገሩ ከጥንት ጀምሮ የእሳተ ገሞራ አገር ለመሆኑ በአቅራቢያዋ ያለው የሐረ ሸይጣን ሐይቅ ምስክር ነው፤ በብዙ ስፍራም የጎማን ጎን የሚቀድ ስለታም ድንጋይ ይገኛል። ስለዚህ ለአንዱ ከተማ የተመረጠ ጎማ ለሌላው ላይስማማ ይችላል።

የዚህ አገር ሕዝብ ለመንገድ ያለው ትጋት አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ በንግድና በሥራ ላይ የነበሩ ተወላጆች በማኅበር ተሰባስበው ከገዛ ኪሳቸው ገንዘብ እያዋጡ የአገራቸውን መንገድ ማሠራት መጀመራቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ዛሬም ቢሆን ከዋናው መንገድ የራቀው መንደር ብዙ ነው። በጉብሬ አቅራቢያ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ነፍሰ ጡር እናቶች የመውለጃቸው ቀን ሳይደርስ መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ ማዘጋጀቱ፣ ምጥ ከተጀመረ በኋላ መንገድን ማመን እንደማይገባ አስቀድሞ ስላወቀ ነው። ስለ መኪና ከፍታ የምንነጋገረውም ይህን የመሰለውን ጉዳይ እያሰብን ነው።

በአካባቢው ለዚህ ሥራ የሚፈለጉት ዋነኞቹ መኪናዎች ሁለት ናቸው፦ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የመጣው ፒክአፑ፤ ሁለተኛው ደግሞ ሃይሉክስ ነው። ላንድክሩዘሩ ከፊትም ከኋላም አንድ ወጥ አክስል ያለው ሆኖ፣ ከፊት በሞላ፣ ከኋላ በባሌስትራ ይቆማል። ሃይሉክስ ግን እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በተሠራው ዓይነቱ የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚነሡና የሚወርዱ፣ የኋላው ግን በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው። የሁለቱ አፈጣጠር እንዲህ ስለሚለያይ፣ ለአንደኛው ቀላል የሆነው የማስነሣት ሥራ ለሁለተኛው ብዙ መዘዝ ያስከትላል።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር እንግባ፤ ይኸውም ጎማና ባሌስትራ እያንዳንዳቸው የሚያነሡት የተለያየ ክፍል መሆኑ ነው። ባሌስትራውን ወይም ሞላውን 50 ሚሊ ሜትር ብናሳድገው ከፍ የሚለው ሻንሲውና አካሉ ነው እንጂ፣ ከኋላ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ዝቅ ብሎ የሚታየው ክብ ዲፈረንሻል ካለበት ንቅንቅ አይልም። ዲፈረንሻሉን ከምድር የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚያተርፈው የጭማሪውን እኩሌታ ነው። ይህን በአኃዝ ለማየት የሃይሉክስን የተለመደ ጎማ፣ 265/65R17ን እንውሰድ፦ 265 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ተደምሮ ሲሰላ የጎማው ሙሉ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ብዙ ወጣቶች የሚመኙት 285/70R17 ደግሞ 831 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ 55 ሚሊ ሜትር ቢሆንም፣ ዲፈረንሻሉ ከመሬት ተጨማሪ የሚያገኘው 27 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከአንድ አውራ ጣት ስፋት እምብዛም ያልበለጠ ነው።

ለዚህች ትርፍ የሚከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም። የጎማው ዙሪያ በ7 በመቶ ስለረዘመ፣ ዳሽቦርዱ ላይ 100 ሲነበብ መኪናው በእውነቱ 107 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄደ ነው። ማርሹ ሁሉ በዚያው መጠን ይከብዳል፤ የፍሬኑም ጉልበት መሬት ላይ ሲደርስ በዚያው መጠን ይቀንሳል። አገራችን ደግሞ ደጋ ናት፤ በቡታጅራ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ለምሳሌ በብዙ ላንድክሩዘሮች ላይ የሚገኘው 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ናፍጣ፣ ጎማው ሳይለወጥም ጉልበቱን በዚያው መጠን ገደማ ያጣል። በዚህ ላይ ከባድና ረጅም ጎማ ሲጨመርበት በዘቢዳር አቀበት ላይ ሾፌሩ ማርሽ ሲቀንስ ይውላል። ወደ ግቤ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጉዳዩ ከድካም ያልፋል፤ ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና 800 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ ቀድሞም በትኩሳት የሚፈተን ነው፤ ስለሆነም ጎማ የሚያሳድግ ሰው ስለ ፍሬኑ ሸራና ዲስክ ደኅንነት አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባዋል።

ባሌስትራን በቅርብ ያየ ሰው ብልኀቱን ያደንቃል። ዓይን ያለው ረጅሙ ቅጠል ከላይ ሆኖ፣ እያጠሩ የሚሄዱት ሌሎች ቅጠሎች ከሥሩ ተደርድረው በመካከል በአንድ ብሎን ይታሰራሉ፤ ጭነት ሲመጣ የሁሉም ጉብጠት በአንድነት ይቀንስና እርስ በርሳቸው ይንሸራተታሉ። አንድ ቅጠል ሲሰበር ክብደቱ በቀሩት ላይ ስለሚወድቅ ሌላውም ተከትሎ ይሰበራል። ከፍታ ለማግኘት በከተሞቻችን ሦስት ዓይነት መንገድ ይሠራበታል። አንዱ አሮጌውን ባሌስትራ በእሳትና በመዶሻ ዳግመኛ ማጉበጥ ነው፤ ይህ ርካሽ ቢሆንም የብረቱን ሙቀት ልክ የሚጠብቅ ካልተገኘ ቅጠሉ ወይ ይለሰልሳል ወይ ይሰባበራል፤ ስለዚህ አልመክረውም። ሁለተኛው በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የብረት ኩብ ማስገባት ነው፤ ይህ ከኋላ በመጠኑ ቢታገሡትም፣ ከፊትም ባሌስትራ ባለው መኪና ከፊት ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም፤ ፍሬን ሲያዝ አክስሉ ባሌስትራውን የሚጠመዝዝበት ክንድ ስለሚረዝም መሪው ሊያስት ይችላልና። ሦስተኛውና ቀጥተኛው መንገድ ለተፈለገው ከፍታና ለተፈለገው ክብደት ተብሎ የተሠራ አዲስ ባሌስትራና ሞላ ከነአሞርዛቶሩ ማስገባት ነው።

ለክብደት ያልሁት በከንቱ አይደለም። ይህን ጥበብ በሰፊው ያስፋፉት አውስትራሊያውያን ናቸው፤ በሜልበርን እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው ኤአርቢ ኦልድ ማን ኢሙ በሚባለው ስም የሚሸጣቸውን ባሌስትራዎችና ሞላዎች የሚለየው በቁመት ብቻ ሳይሆን መኪናው ዘወትር በሚሸከመው ሸክም ልክ ነው። ባዶውን የሚውል መኪና የከባድ ጭነት ባሌስትራ ከገባለት በኮረኮንች ላይ ይዘላል፣ ጎማውም መሬት መያዝ ያቅተዋል፤ ከማረቆ በርበሬ፣ ከገጠሩ ቆጮ ዘወትር የሚያመላልስ መኪና ደግሞ የቀላል ጭነት ባሌስትራ ቢገባለት በጥቂት ወራት ይተኛል። አንባቢ ይህንንም ልብ ይበል፦ ባሌስትራው መጠንከሩ የመኪናውን የመጫን አቅም አያሳድግም፤ አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ሻንሲው የድሮዎቹ ናቸውና።

ከፍታው ከ50 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከሁለት ኢንች፣ እንዳያልፍ የምከራከረው ስለ ሦስት ምክንያት ነው። በሃይሉክስ የፊት ጎማዎችን የሚያዞሩት ሁለት ዘንጎች ከዚያ በላይ ከተነሡ ተቆልምመው ስለሚሠሩ የጎማ ልባሳቸው ይቀደዳል፣ መጋጠሚያቸውም ቶሎ ያልቃል። በላንድክሩዘር ደግሞ አክስሉ በሁለት ረጃጅም ክንዶች ላይ ስለሚንጠለጠል፣ አካሉ ሲነሣ መሪው ወደ ቀጥታ የሚመለስበት ዘንበል ይቀንስና መኪናው በፍጥነት ላይ ይንሳፈፋል፤ ይህ ዘንበሉን የሚያርም ቦኮላ በማስገባት ይስተካከላል። ሦስተኛውን ምክንያት ብዙ ጋራዦች የሚዘነጉት ስለሆነ አጥብቄ እናገራለሁ፦ በብዙ ሃይሉክሶች ሻንሲ ላይ፣ ከኋላው አክስል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን መቆጣጠሪያ አለ፤ ይህ መሣሪያ የአካሉን ከፍታ እየለካ ጭነት ሲበዛ ለኋላ ጎማዎች ብዙ ፍሬን፣ ባዶ ሲሆን ጥቂት ፍሬን ይሰጣል። መኪናው ከተነሣ በኋላ ዘንጉ ካልተስተካከለ መሣሪያው ጭነት የሌለ መስሎት ይታለላል፤ አንድ ቶን በርበሬ ተጭኖም ቢሆን የኋላው ፍሬን ይደክማል። የፍሬኑ ዘይት የሚያልፍባቸውም የጎማ ቱቦዎች አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲንጠለጠል እንዳይወጠሩ መታየት አለባቸው።

ስለ ጎማው ጥርስ የሚሰጠው ፍርድ በአፈሩ ይወሰናል። ኤምቲ የሚባለው ጥርሰ ትልቅ ጎማ በዋልካ ላይ ራሱን ከጭቃ ስለሚያጸዳ ለወልቂጤ ገጠር ይረዳል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፣ ድምፁም ይበዛል። ኤቲ የሚባለው መካከለኛው ለቡታጅራ ድንጋይና አስፋልት ይበቃል፤ ጎኑ ጠንካራ የሆነው ይመረጥ። በመርካቶ ጎማ ተራ የሚገዛ ሰው በጎማው ጎን ላይ ያሉትን የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ያንብብ፤ 3523 ቢል በ2023 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው የገፋ ጎማ አይገዛም። ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚፈለገው እርዳታ ያለ ወጪ ይገኛል፦ ጭቃው ሲከብድ ከ35 ፒኤስአይ ወደ 20 ገደማ አየር መቀነስ ጎማው መሬት የሚረግጥበትን ገጽ ያረዝመዋል፤ ወደ ጥርጊያው መንገድ ሲመለሱ ግን ሳይዘገዩ መሙላት ግድ ነው፤ አለበለዚያ ጎማው ይግልና ይፈነዳል።

ስለ ጀፎረም ሳልናገር አላልፍም። ጀፎረ በጉራጌ መንደር በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ሰርግ የሚወርድበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ ሽማግሎች የሚመክሩበት የጋራ ሀብት ነው። ጥርሰ ትልቅ ጎማ በነሐሴ በዚህ ሣር ላይ አንድ ጊዜ ቢሽከረከር የሚያወጣው ቦይ እስከ በጋ አይሽርም። ስለዚህ ወደ እንድብርም ሆነ ወደ ጉመር ለመስቀል የሚገቡ ባለመኪናዎች መኪናቸውን ከጀፎረው አፍ አቁመው በእግር እንዲገቡ እለምናለሁ።

በማጠቃለያው፣ ለሁለቱ ከተሞች ባለ ሃይሉክስ የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው፦ የጎማው ልክ 265/70R17 ይሁን፤ ቁመቱ 803 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ፍጥነት መለኪያውን ከ4 በመቶ በታች ብቻ ያሳስታል፤ ባሌስትራና ሞላው ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይነሣ፤ የተረፈው ገንዘብ በጥሩ አሞርዛቶርና በፍሬን ላይ ይዋል። ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ በአራቱም ወገን ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ተለክቶ ይጻፍ፤ ካለቀም በኋላ እንደገና ተለክቶ ይነጻጸር። የጎማ አሰላለፍ ሳይስተካከል መኪናው ከጋራዥ አይውጣ፤ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳም በኋላ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያቀፉት ብሎኖች ሁሉ ዳግመኛ ይጥበቁ።